ሻርክ ለማየት የትኛው ደሴት ይሻላል? ባሃማስ፣ ማላፓስኳ፣ ማልዲቭስ ወይስ ፋካራቫ

ሻርክ ለማየት ወደ ሞቃት ባህር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። ፎቶው ግን ዋናውን ነገር አይናገርም። ሻርኩ እዚያ ምን ሊያደርግ መጣ? ሊበላ ነው? ሰውነቱን ሊያስጸዳ ነው? ወይስ የውሃው ፍሰት ተመችቶት? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እወቁ። ምን ያህል የመጥለቅ ችሎታ እንደሚያስፈልጋችሁና ምን ያህል ቀርባችሁ እንደምታዩት የሚወስነው እሱ ነው።

ባሃማስ ላይ ሻርኩ የሚመጣው ለምግብ ነው። ታይገር ቢች ስሙ ዳርቻ ያስመስለዋል እንጂ ከግራንድ ባሃማ ደሴት በጀልባ የሚደረስበት የባህር ውስጥ አሸዋማ ሜዳ ነው። ጥልቀቱ 6 ሜትር አካባቢ ነው። ጠላቂዎቹ አሸዋው ላይ ይንበረከካሉ፣ አስጠላቂዎቹ የዓሣ ሽታ ይለቃሉ፣ ታይገር ሻርኮቹ ይመጣሉ። ቢሚኒ ደሴት ላይ ደግሞ በዚሁ ዘዴ ታላቁ ሐመርሄድ፣ ማለትም ራሱ መዶሻ የሚመስለው ሻርክ፣ ይታያል፤ ወቅቱ ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ አየር ቶሎ አያልቅባችሁም። የሚፈተነው ልባችሁ ነው። ትልቅ ታይገር ሻርክ አጠገባችሁ ሲያልፍ እጃችሁን ሰብስባችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉበት፣ ጀርባ ሳትሰጡት መቆየት አለባችሁ።

በምግብ መሳብ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር አላለቀም። እኔ በግሌ ብዙም አልወደውም፤ ሻርኩ በራሱ ኑሮ ላይ ሳለ ባየው እመርጣለሁ። ቢሆንም ባሃማስ የሎንግላይን (ብዙ መንጠቆ ባለው ረጅም ገመድ) ዓሣ ማጥመድን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሻርክ ለንግድ ማጥመድን ደግሞ በ2011 የከለከለች አገር ናት። ጠላቂዎች የሚያመጡት ገቢ ለዚህ ጥበቃ ትልቅ ድጋፍ ነው።

የፊሊፒንሷ ማላፓስኳ ፈጽሞ ሌላ ናት። እዚህ የሚታየው ትሬሸር ሻርክ ነው፤ ጅራቱ ከቀሪው ሰውነቱ ጋር የሚስተካከል፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ዓይናፋር እንስሳ። አብዛኛውን ጊዜውን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያሳልፋል። ጠዋት ግን ትናንሽ ዓሦች ቆዳው ላይ ያሉትን ጥገኛ ነፍሳት እንዲለቅሙለት ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጀልባው የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ያ ረጅም ጅራት ከሰማያዊው ውሃ ውስጥ ብቅ ይላል። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አላባበለውም። ለእኔ ከአራቱ ቦታዎች ልብ የሚነካው ይህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የቆዩ መረጃዎች ሁሉ የሚመሩት ወደ ሞናድ ሾል (ሾል ማለት ባህር ውስጥ ያለ ከፍታ ነው) ነው፤ አሁን ግን ትሬሸሮቹ በብዛት የሚታዩት ኪሙድ ሾል ላይ ነው። አድቫንስድ የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ የመጥለቅ ሰርተፍኬት ይዛችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።

ማልዲቭስ አንድ ቦታ መስላ ብትታይም የተለያዩ ጉዞዎች ናት። ደቡብ ጫፍ ላይ ያለችው ፉቫሙላ ዓመቱን ሙሉ ታይገር ሻርክ አላት፤ ወደብ አጠገብ የሚጣል የዓሣ ትርፍራፊ የለመዱ ናቸው። ደቡብ አሪ አቶል (አቶል ቀለበት የመሰለ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ነው) ላይ ዌል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን የሚበላ ገራም ግዙፍ ስለሆነ በስኖርክል (ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በቱቦ እየተነፈሱ) ብቻ ማየት ይቻላል። ገና የመጥለቅ ፈቃድ ያላወጣ ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ካላችሁ ደቡብ አሪን ያዙ። በአቶሎቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ደግሞ ግሬይ ሪፍ ሻርክ አለ፤ እዚያ ፍሰቱ ጠንካራ ነው። አገሪቱ ሻርክ ማጥመድን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ፋካራቫ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሩቅ ናት፣ ውድም ናት። ወደ ታሂቲ በረራ፣ ከዚያ ሌላ በረራ፣ ከዚያ ወደ ደቡቡ መተላለፊያ ጀልባ። ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ግሬይ ሪፍ ሻርኮች፣ ያለ ምንም ማባበያ፣ ፍሰቱ ላይ ተንሳፍፈው ታያላችሁ። በጁንና ጁላይ ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ግሩፐር ዓሦች ለመራባት ስለሚሰበሰቡ ሻርኮቹ የበለጠ ይበዛሉ። ከፍሰት ጋር መጥለቅን ሌላ ቦታ ሳትለማመዱ ግን አትሂዱ።

እንግዲህ ኦፕን ዋተር የሚባለውን የጀማሪ ሰርተፍኬት ብቻ ይዛችሁ በቅርብ የጀመራችሁ ከሆነ ደቡብ አሪን፣ ትንሽ ልምድ ካላችሁና ትዕግስት ካላችሁ ማላፓስኳን እመክራለሁ። ትልቅ ሻርክ በጣም ቀርቦ ማየት ለሚፈልግ ባሃማስ ነው። ብዙ የጠለቀና ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ፋካራቫን አይለፍ።

የትኛውንም ብትመርጡ ደሴት ከማብዛት አንድ ቦታ 4 ወይም 5 ቀን ብትቆዩ ይሻላል። ሻርክ ቀጠሮ አያከብርም፤ አንድ ጠዋት ካልታየ ሌላ ጠዋት ይኑራችሁ። የመጨረሻው ቀን ላይ ዳይቭ አታድርጉ፤ ለበርካታ ቀናት ከጠለቃችሁ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ኢንሹራንሳችሁም ዳይቪንግን በስም ጠቅሶ የሚሸፍን መሆኑን ውሉ ላይ አንብቡ።