ለጎጃም ጉዞ የትኛውን የውሃ ዕቃ እንግዛ?

ስለ ካምፒንግና ስለ ረጅም የመኪና ጉዞ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ለሰሃራ ወይም ለአውስትራሊያ በረሃ የታሰበ ነው። 60 ሊትር ጫኑ፣ 100 ሊትር ጫኑ ይላል። ጎጃም ግን ሌላ ነው። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር ስትነዱ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያለ ከተማው ይከታተላል። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ጮቄ ተራራ ብታቀኑም ምንጭ አታጡም። የሚቸግረው ንጹሕ ውሃ ማግኘት ነው። ከዚያ ደግሞ ከምንጩ እስከ መኪናው ያለው ዳገት አለ።

ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ «ስንት ሊትር ይይዛል?» ከማለታችሁ በፊት «ሞልቶ ማን ይሸከመዋል?» በሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 25 ሊትሩን ጀሪካን ሞልታችሁ ጭቃ ላይ ዳገት ውጡና ታዩታላችሁ። የአካባቢው ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ሲወጡት ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ሦስት ሰው ሁለት ቀን ሲያድር 24 ሊትር ይሆናል። ለመታጠቢያና ለዕቃ ማጠቢያ ሌላ ጨምሩበት። የራዲያተሩንም አትርሱ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ ያረጀ መኪና መሃል ላይ መጋሉ የተለመደ ነው። (ከጋለ ቆማችሁ አቀዝቅዙት እንጂ ክዳኑን ወዲያው እንዳትከፍቱ።)

ቢጫው ጀሪካን ወይስ አዲሱ ባለቧንቧ?

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ቢጫው የዘይት ጀሪካን በየገበያው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ባለ 20ውም ባለ 25ቱም ከሥር ጠፍጣፋ ስለሆነ መኪና ውስጥ ጥሩ ይቀመጣል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ሽታ ነው። ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀርና ፀሐይ ሲያገኘው ይሸታል። ሻጩ «ጋሼ፣ ታጥቧል እኮ» ይላችኋል። እናንተ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሩበት፣ ዘግታችሁ በደንብ አንቀጥቅጡት፣ ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቱና አሽትቱ። ከሸተተ ለመጠጥ አይሆንም፣ አለቀ።

ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ምን እንደነበረበት አለማወቅ። ጎጃም የገበሬ አገር ነው፤ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት በጀሪካን ይመጣል፣ ባዶው ደግሞ ገበያ ይወጣል። የተላጠ ወረቀት ካለበት ወይም ዘይት የነበረበት ለመሆኑ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት። የኬሚካል ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለውሃ አይውልም። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትም እንደዚያው።

አዲሱ ባለቧንቧ ጀሪካን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካለበት ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ለምግብ ዕቃ የሚሠራበት ጠንካራው ዓይነት ነው። ለምግብ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ቢኖርበት ደግሞ ይበልጣል። ቧንቧ ያለው ዕቃ ካምፕ ላይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጠርዝ ላይ ታስቀምጡና አንድ ሰው ብቻውን እጁን ይታጠባል። ቢጫውን ግን አንዱ ዘንበል ማድረግ አለበት፣ ሌላው ይታጠባል፣ ግማሹ መሬት ይፈሳል።

ነገር ግን የባለቧንቧው ደካማ ጎን ራሱ ቧንቧው ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ኮሮኮንች ላይ ሌላ ዕቃ ሲገፋው ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። ቧንቧው ተፈትቶ ወደ ውስጥ የሚገለበጥ ወይም በደፋን ክዳን የሚተካ ከሆነ ግዙት። ቋሚ ሆኖ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ይቅርባችሁ። ትንሿን የአየር ቀዳዳም እዩ። እሷ ከሌለች ውሃው እየተንደቀደቀ ነው የሚወርደው። አፉ ሰፊ ከሆነ ደግሞ እጅ አስገብታችሁ ማጠብ ትችላላችሁ፤ ቢጫው ይህ የለውም።

ቀለሙም ቁም ነገር አለው። ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ውስጡ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያበቅላል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ይሻላል።

እኔ የምገዛው ባለ 10 ሊትር አዲስ፣ ሦስት ፍሬ ነው። አንድ ባለ 30 ከመግዛት በብዙ ይሻላል። አንዱ ቢያፈስ ሁለቱ አሉ፣ ልጅም ቢሆን እየተጋገዘ ያመጣዋል፣ ከምንጭ የተቀዳውንና ከከተማ የመጣውን ለይታችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ቢጫውን አልጠላውም። አንዱን ለመታጠቢያና ለራዲያተር ያዙት፤ ላዩ ላይ በማርከር «አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉበት።

ታጣፊው ከረጢት

ባዶውን ኪስ ውስጥ ይገባል። ጮቄ ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ በቅሎ ወይም ፈረስ ከጫናችሁ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ባለ 10 ሊትር ሁለቱን ግራና ቀኝ ስታንጠለጥሉ ጭነቱ ይመዛዘናል። መኪና ውስጥ ግን አልመክረውም። እሾህ ይበሳዋል፣ መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ላስቲክ ላስቲክ ይላል፣ ካላደረቃችሁት ውስጡ ይሻግታል። አገሩም ለቀጭን ፕላስቲክ አይመችም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አባይ በረሃ ቁልቁል ነው። ከላይ ግጥም አድርጋችሁ የዘጋችሁት ቀጭን ዕቃ ታች ሲደርስ ይጨመደዳል። ታች የሞላችሁት ደግሞ ሽቅብ ስትወጡ ይነፋና ክዳኑ ላላ ካለ ያንጠባጥባል። ወፍራም ጀሪካንም ቢሆን እስከ አፉ አይሞላ። ጮቄ ሌሊቱን ውርጭ አለው፤ ውሃ ሲረጋ ደግሞ ይሰፋል።

ሃይላንድ፣ ጋሎንና ታንከር

የታሸገ ውሃ አንድ እሽግ መጠባበቂያ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ቆሻሻ ማብዛት ነው። ባለ 20 ሊትሩ የቢሮ ጋሎን ለመኪና አልተሠራም፤ ክብ ነው፣ ይንከባለላል፣ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ከወንበር ኋላ የሚታሰር ቋሚ ታንከር ያምራል፤ ግን ወደ ምንጭ ይዛችሁት አትወርዱም። ወደ መተከል ቆላ ለሚመላለስ ላንድክሩዘር ይሁን፤ ለሁለት ቀን ጮቄ ወይም ዘንገና ሐይቅ ትርፍ ወጪ ነው።

እንስራም ነበረ። ውሃ ማቀዝቀዝ ላይ ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ኮሮኮንች አይችልም። የእሱን ሥራ ለጀሪካኑ ማዋስ ይቻላል፦ ጆንያ አርጥባችሁ ጠቅልሉት፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አኑሩት።

አጫጫንና ውሃውን ማከም

ውሃን ፖርቶመጋላ ላይ አትጫኑ። 40 ኪሎ ጣሪያ ላይ ሆኖ የአባይን ጠመዝማዛ ስትወርዱ መኪናው ይወዛወዛል። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

የምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ቢሆንም አፍሉት ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምሩበት። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ አለ፤ ከጨመራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ የሚፈላው ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ሳይበርድ ወደ ፕላስቲክ አትገልብጡት። ጣና ዳር ካደራችሁ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ለመታጠቢያም ቢሆን ከሐይቁ ወዲያው አትጠቀሙ። ተቀድቶ ሁለት ቀን በተዘጋ ጀሪካን የቆየ ውሃ ከዚህ ትል ነጻ ይሆናል። ለሰከላ፣ ለግሽ አባይ ጸበል ከሆነ ምንም ያልነካው የራሱ ዕቃ ያዙ።

ስትገዙ ክዳኑን ፍቱና ጎሚኒው ውስጡ መኖሩን በጣታችሁ ዳስሱ። ጥርሱ ሳይንሸራተት ጥብቅ ይላል? ቤት ስትገቡ ሙሉት፣ ጋዜጣ ላይ በጎኑ አስተኙትና ይደር። ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ።