ቢጫ ሰደርያ ለለበሱት ምስጋና፣ የዓይን ፀጉር ላስቸገራችሁ ጥቆማ

ይህ ጽሁፍ በጎጃም ወረዳዎች ዓይን በሚያሳውረው ተላላፊ በሽታ በትራኮማ መከላከልና ሕክምና ላይ ከተሰማራን የጤና ባለሙያዎች የቀረበ ምስጋና ነው። የምናመሰግነው ቢጫ ሰደርያ የሚለብሱትን የላየንስ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክለብ በጎ ፈቃደኞች፣ ከእነሱም ጋር በየጤና ጣቢያው ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ፀጉርን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩትን ነርሶች ነው። ምስጋናው ጥቆማም አለበት፤ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ወረንጦ ከእጇ የማይለይ እናት ካለች እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የበጎ አድራጎት ክለብ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ባነር፣ ንግግርና ፎቶ ነው። አንዳንዱ እውነትም ከዚያ አያልፍም። እነዚህን የምናመሰግናቸው ፎቶ የማይነሳለትን ሥራ ስለያዙ ነው፦ ታማሚውን ከየጎጡ ፈልጎ ማግኘት፣ የአጃቢውን ትራንስፖርት መክፈል፣ ስፌት በሚወጣበት ቀን የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለአንድ የዓይን ሽፋን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሥራው የሚበላሸው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

ላየንስና ዓይን የቆየ ዝምድና አላቸው። ማየትና መስማት የማትችለው አሜሪካዊት ጸሐፊ ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1925 በክለቡ ጉባኤ ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ጀምሮ የዓይን ጤና ዋና ሥራቸው ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ከካርተር ማዕከል ጋር የመሠረቱት ጥምረት ደግሞ ትራኮማ እጅግ ወደ በዛበት ወደ አማራ ክልል አምጥቷቸዋል።

በሽታውን የማያውቅ የለም፤ አካሄዱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ትራኮማ ሕፃናትን ደጋግሞ ይይዛል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ዓይናር አውጥቶ ይድናል፤ እንደገና ይያዛል። ከዓመታት በኋላ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ጠባሳ ይይዝና ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ፀጉሩም ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሰው በቀን ሺህ ጊዜ ዓይኑን ሲያርገበግብ ሺህ ጊዜ ይፋቃል ማለት ነው። ጥቁሩ የዓይን ክፍል ሲነጣ ብርሃን ይጠፋል። ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ያስቆማል፣ የተረፈውን ብርሃን ያድናል፤ የነጣውን ግን ወደ ነበረበት አይመልስም። ስለዚህ «ትንሽ ልቆይና» የሚባለው ነገር ዋጋው ከባድ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት የሚጎዱትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉና ደጋግመው ስለሚያዙ ነው።

ወረንጦ ለጊዜው ያሳርፋል። ነገር ግን የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲነቀል ተሰብሮ የቀረው ደግሞ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ከረጅሙ ይብስ ይቧጭራል። አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ የሚነካው ሰው፣ ባለሙያ አይቶት፣ ጫፉ በደንብ በሚገጥም ወረንጦ መንቀሉ ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው። ከቀለበት የተሠራው፣ ጫፉ የተንሻፈፈው የቤት ወረንጦ ግን ፀጉሩን ከመንቀል ይልቅ ይሰብረዋል።

በጎ ፈቃደኞቹ ጎልተው የታዩት በፍለጋው ነው። «ዓይን የሚያመው ይምጣ» ተብሎ በገበያ ቀን ሲነገር ሞራ ያለበት፣ መነጽር የሚፈልግ፣ አቧራ የገባበት ሁሉ ይሰለፋል፤ ነርሷ ቀኑን ሙሉ በማጣራት ታልቃለች፣ ፀጉር የገባባት እናት ግን ቤቷ ናት። ምክንያቱም በጭስና በፀሐይ መውጣት አትችልም። የክለቡ ልጆች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ከበር በር ሲዞሩ ጥያቄያቸውን ቀየሩት፦ «በዚህ ቤት ወረንጦ አለ? የሚጠቀመው ማነው?» ይህ ጥያቄ ብቻውን ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። ትናንት ፀጉሯን የነቀለች ሴት ዛሬ ስትታይ ጤነኛ ትመስላለች፤ ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ በባትሪና በማጉያ መነጽር የተሰበረ ፀጉር ቁራጭ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። የሞራ ታማሚዎችን ደግሞ ዝም ብለው አልመለሷቸውም። ለብቻ ዝርዝር ይዘው ወደ ሆስፒታል ለሚልኩት አስረክበዋል። ተስፋ ሰጥተው ባዶ እጁን የመለሱት ሰው በሚቀጥለው ዙር ጎረቤቱን ይዞ አይመጣምና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጊዜ አመራረጡም ያስመሰግናል። በህዳርና በታህሳስ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለ ገበሬ ሚስቱን ለሁለት ቀን አይለቃትም። በክረምት ደግሞ ወንዙ አያሳልፍም። ከጥምቀት በኋላ እስከ በልግ ያለው ጊዜ ይሻላል። በወር በዓላት፣ በሚካኤልና በማርያም፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቄሱ ሲናገሩት የሚሰማው ሰው ማይክ ተይዞ ከሚነገረው ይበዛል።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ቀን እንምጣ። አንድ ነርስ በቀን ስንት ሰው እንደምትሠራ የሚወስነው የእጇ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የንጹሕ መሣሪያ ብዛት ነው። ለአንድ ታማሚ አንድ ከተሕዋሲያን የጸዳ ሙሉ መሣሪያ ያስፈልጋል። በእንፋሎት ማምከኛው 121 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ማሞቂያው፣ ማድረቂያውና ማቀዝቀዣው ሲታከል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። አራት መሣሪያ ብቻ ያላት ነርስ አራት ሰው ሠርታ ቁጭ ትላለች፣ ከሩቅ የመጣው ሰው ደግሞ ሲመሽ ይመለሳል። ክለቡ «ምን እንርዳችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ተጨማሪ መሣሪያና ስለታም መቀስ ነበር፤ ያንኑ አመጣ። ሌላ ቢሆን ቲሸርት ያሳትም ነበር። የደነዘ መቀስ ሥጋውን ያኝከዋል፣ ጠባሳውም የሽፋኑን ጠርዝ ያዛባል።

ነርሶቹን የምናመሰግንበት ደግሞ ጥንቃቄያቸው ነው። 2 በመቶ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ከአድሬናሊን ጋር ወግተው ደቂቃዎች ይጠብቃሉ፣ መደንዘዙን በፒንሴት ነክተው ሳያረጋግጡ ምላጭ አያነሱም። ከሽፋኑ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቆርጣሉ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙረው በተለምዶ በሦስት ስፌት ያስሩታል። የተለመደው ስህተት ቁርጡን ማሳጠር ነው፤ መሐሉ ቀና ብሎ በአፍንጫ በኩል ወይም በጆሮ በኩል ያለው ፀጉር እንደነበረ ይቀራል፣ ሴትየዋም «ተሠርቼ አልዳንኩም» ትላለች። ስፌቱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሽፋኑ ተገልብጦ ዓይኑ አልገጥም ይላል። እጅ የሚፈታው በሰው ላይ እንዳይሆን ሄድ ስታርት የሚባለው የላስቲክ ሽፋን ያለው የመለማመጃ አሻንጉሊት አለ፤ በእሱ ላይ ያልሠለጠነ ባለሙያ በሰው ዓይን ላይ ባይጀምር ደግ ነው።

ሁለቱም ዓይን በአንድ ቀን ከተሠራ ሁለቱም ይሸፈናሉ። እስከ ማግስቱ ድረስ ሰውየው በሰው እጅ ነው። አጃቢ የሌላቸው እናቶች ከበር የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ክለቡ ለአጃቢው የመሄጃና የመመለሻ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያና ራት ሲችል የሚቀሩት ቁጥር ወዲያው ቀነሰ። ለእኛ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ቆጣቢ እሱ ነው። ምስጋናውን ከዚህ ቦታ ላይ ብንጀምረውም ያስኬድ ነበር።

ከዚያ ክትትሉ ይመጣል። በማግስቱ ዓይኑ የተሸፈነበት ፋሻ ይነሳል፣ ቁስሉ ይታያል። ስፌቱ የሐር ክር ከሆነ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ሳይወጣ የቆየ ክር ይመግላል፣ ቀይ ሥጋ ያበቅላል። ራሱ የሚሟሟው ክር ሲገኝ ይህ ችግር ይቀላል፣ ሆኖም የማየት ቀጠሮው አይቀርም። ቀዶው ካለቀ በኋላ 1 ግራም አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት አንድ ጊዜ መዋጥ ዋጋ አለው፤ በወላይታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የቴትራሳይክሊን ቅባት ብቻ ከተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ መቀልበሱ በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ደግሞ መታየት ያስፈልጋል፤ የተመለሰ ፀጉር በብዛት የሚታወቀው ያኔ ነው። የክለቡ ልጆች የቀጠሮ ደብተር ይዘው የቀሩትን በስልክ፣ ስልክ የሌለውን በእግር ይፈልጋሉ። ማንም አላየላቸውም፤ እኛ አይተናል።

በመድኃኒት ዘመቻውም አሉበት። በክልላችን የወባና የትራኮማ ሥራን ያጣመረ የአንድ ሳምንት ዘመቻ በ2001 ዓ.ም. ህዳር ተጀምሮ ነበር፤ በትራኮማ ዘመቻ ሕዝቡ ተሰልፎ አዚትሮማይሲን ይወስዳል። መጠኑ ለልጆች በሚዛን ሳይሆን በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው። አዋቂ ባለ 250 ሚሊ ግራም አራት ፍሬ፣ ትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ከስድስት ወር በታች ያሉት ደግሞ የዓይን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት። የሚያስቸግረው ሽሮፑ ነው፦ የሚያለቅስ ልጅን አፍንጫ ይዞ ማጠጣት የቆየ ልማድ ቢሆንም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ሊያንቀውም ይችላል። በጎ ፈቃደኞቹ ልጁ እስኪረጋጋ ከእናቱ ጋር ጥላ ሥር ያስቀምጡታል፣ እንቢ ካለ ያልፉታል። በጾም ቀን «ከቅዳሴ በፊት አልውጥም» ለሚል ሰው ተከራክረው አያስከፉም፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሱበታል።

ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ላይ አጭር እንሁን። ትራኮማ የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በጉድጓድ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ባህር ዛፍና ጭቃ የሆነው ተራ ጉድጓድ ከበቂ በላይ ይሠራል። በዋልካ መሬት ላይ ክረምት ሲገባ አፉ ይደረመሳልና የላይኛውን አንድ ሜትር በድንጋይ መደርደር ያስፈልጋል። ክለቡ በአንድ ወቅት የሲሚንቶ ክዳን ሊያድል አስቦ ነበር፤ ገንዘቡን ለድንጋይ ሥራና ለባለ ክር የእግር ጀሪካን ማዋሉ የተሻለ ሆኗል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከሁለት ባላ መካከል ተሰቅሎ፣ በእግር ሲረገጥ ዘንበል ይላል፤ ቀዳዳው ከምስማር ከሰፋ ግን ውሃው በአንድ ልጅ ያልቃል።

አሁን ጥቆማው። ዓይንዎን እሾህ እንደገባበት የሚወጋዎት፣ ፀሐይ የሚያስለቅስዎት፣ ፀጉር የሚነቅሉ ከሆነ ለቀበሌዎ ጤና ኬላ ይንገሩ፣ ስምዎን ያስመዝግቡ። በዘመቻው ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀ ካለ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር። ሲመጡ በልተው ይምጡ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይምጡ፣ የደም ግፊት ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። ከዋዜማው ጀምሮ የራስ ጸጉርዎን ይታጠቡ፤ ቅቤ የተቀባ ራስ በፀሐይ ሲቀልጥ ወደ ቁስሉ ይወርዳል። ኩል ይጠረግ። አጃቢ ይዘው ይምጡ። ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ ሳምንት ከጭስ ማጀት መራቅ ስለሚያስፈልግ እንጀራ የሚጋግር ሰው አስቀድሞ ይፈለግ፤ ባሎች ይህን አንብቡ።

ለዕድር ሹማምንት፣ ለወጣት ማኅበራትና ለሌሎች ክለቦች ደግሞ፦ ላየንስን ወይም ሌላ ክለብ ለመጋበዝ ስታስቡ መጀመሪያ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያዙ፣ በቤት ለቤት ፍለጋ የተረጋገጠ የስም ዝርዝር አያይዙ። «ብዙ ሰው አለ» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አያስኬድም፤ የጎጥ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ለየብቻ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ተብሎ ከተጻፈ ግን የስፌት ክር፣ የመሣሪያና የአጃቢ ወጪ ከመጀመሪያው ይሰላል። ከ12 እስከ 30 ዓመት ያላችሁ ወጣቶች በሊዮ ክለብ በኩል መግባት ትችላላችሁ፤ ለቀጠሮ ፍለጋው ከእናንተ የሚሻል የለም።

ባለፉት ወራት ተሠርታችሁ ስድስት ወር ሊሞላችሁ የተቃረባችሁ እናቶች ባያማችሁም ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ። የቀጠሮ ካርዳችሁ ቢጠፋ አያሳስባችሁ፤ ስማችሁ መዝገቡ ላይ አለ።