ቶምካት 9ን ሳናጠፋ ቶምካት 10.1ን ማስነሳት፦ የሁለት ወር ተሞክሮዬ

የምሠራው ሰንጋተራ፣ ከባንኮቹ ፎቆች ጎን ነው። ድርጅታችን መድኃኒት ያከፋፍላል። ግምጃ ቤቱም ሽያጩም ደመወዙም በአንድ የጃቫ ሲስተም ነው የሚሠራው። ሲስተሙ ለዓመታት ቶምካት 9 (የጃቫ ዌብ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳ ሰርቨር ነው) ላይ ቆይቶ ዘንድሮ ወደ 10.1 አሻገርነው። በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ቅዳሜ ማታ አጥፍተን፣ አድረን፣ ሰኞ ጠዋት በጭንቀት ነበር የምንጠብቀው። አሁን ግን ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ አስነስተን ሁለት ወር አብረው ሠሩ። ከእንግዲህ ሌላ መንገድ አልመርጥም።

ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ከ8.5 ወደ 9 ስንሄድ ኮዱን ብዙም አልነካንም። ወደ 10 ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦራክል ጃቫ ኢኢን (ለድርጅት ሲስተሞች የተዘጋጀውን የጃቫ ክፍል) ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ የጃቫን ስም አላስረከበም፤ ስለዚህ አዲስ ስም በወጣለት በጃካርታ ኢኢ 9 ላይ «ጃቫክስ» ብለው ይጀምሩ የነበሩት የፓኬጅ ስሞች «ጃካርታ» ሆኑ። ቶምካት 9 የድሮውን ስም ብቻ ያውቃል፣ 10 ደግሞ አዲሱን ብቻ። በዚያ ላይ 10.1 ቢያንስ ጃቫ 11 ይፈልጋል፣ የእኛ አሮጌ ሲስተም ደግሞ ጃቫ 8 ላይ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ቀይሮ ሰኞ ሰው ፊት መቆም አያዋጣም።

ቶምካት 10 «ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ» የሚባል ፎልደር ያውቃል። ፎልደሩን ፈጥራችሁ አሮጌውን ዋር ፋይል (አፕሊኬሽኑ ተጠቅልሎ ያለበትን) እዚያ ስታስቀምጡ ራሱ ወደ አዲሱ ስም ቀይሮ ያስነሳዋል። ለመጀመሪያ ሙከራ በጣም ጠቅሞናል። ኮዱን በራሳችን ስንቀይር ግን አንዱ ባልደረባችን «ጃቫክስ» የሚለውን ሁሉ በአንዴ ወደ «ጃካርታ» ለወጠው፣ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውም ክፍል ወዲያው ተሰበረ። «ጃቫክስ ዶት ኤስኪውኤል» እና «ጃቫክስ ዶት ኔሚንግ» የጃቫ የራሱ ስለሆኑ አይነኩም። ይህንን አስምሩበት።

አሁን ወደ አጫጫኑ። ካታሊና ሆም ማለት የቶምካቱ ፕሮግራም ያለበት ነው፣ ካታሊና ቤዝ ደግሞ የእናንተ ኮንፊገሬሽን፣ ሎግ (የሥራ መዝገብ) እና አፕሊኬሽን ያለበት። ለእያንዳንዱ ቶምካት ሁለቱንም ለየብቻ ስጡ። እያንዳንዱ ሲነሳ በሚያነበው በራሱ «ሴትኢኤንቪ» ፋይል የራሱን ጃቫ ይጠራል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ድሮ የተከለ ሰው ካታሊና ሆምን ለመላው ማሽን አውጆት ከሆነ፣ አዲሱን ያስነሳችሁ መስሏችሁ የሚነሳው አሮጌው ነው። እኛ ጋ ግማሽ ቀን የበላው ይሄ ነበር። የሎጉን መጀመሪያ አንብቡ፣ ስሪቱ እዚያ ተጽፏል።

ቀጥሎ ፖርት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጥያቄ የሚቀበልበት የበር ቁጥር። 8080ን ወደ 8081 መቀየር ማንም ያስታውሳል። 8005ን ግን እኔ ረሳሁት። 8005 የማጥፊያ ትእዛዝ የሚደርስበት ፖርት ነው። አዲሱ ተነሳ፣ «ተጀምሯል» ብሎ ሎግ ላይ ጻፈ፣ ወዲያው ሞተ። ፖርቱን አሮጌው ይዞታል። እኔ ይህን ሳላይ አዲሱን በሥርዓት ላቁም ብዬ የማቆሚያ ትእዛዙን ሰጠሁ። ትእዛዙ የሄደው 8005 ላይ ወዳለው ነው፣ ማለትም ሰው ሁሉ ወደሚሠራበት ወደ አሮጌው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የሽያጭ መስኮቱ ላይ ሰልፍ እያለ ሲስተሙ ቀጥ አለ። እስኪነሳ ድረስ ላብ አጠመቀኝ። አሁን ሁለቱም ላይ 8005ን ወደ -1 ቀይረን ዘግተነዋል፣ የሚያስነሳውም የሚያቆመውም የሊኑክሱ የአገልግሎት አስተዳዳሪ ሲስተምዲ ነው።

ዳታቤዙ አንድ ስለሆነ ግንኙነቱንም ቁጠሩ። የዳታቤዛችን የፖስትግሬስ መነሻ የግንኙነት ገደብ 100 ነው። አሮጌው እስከ 60 እንዲከፍት ፈቅደን ነበር፣ ለአዲሱም ያንኑ ገለበጥን። ሁለቱም ሥራ ሲበዛባቸው ከገደቡ አለፉ። ለእያንዳንዱ 40 ሰጥተን ተረጋጋ። ሠንጠረዦቹ ላይ ደግሞ አዲስ ዓምድ መጨመር ይቻላል፣ አሮጌው እስካለ ድረስ ግን ስም መቀየርም መሰረዝም የለም።

ከፊት ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ አንዱ ቶምካት የሚያስተላልፍ ኢንጂንኤክስ አስቀምጠን ሰዉን በኮምፒውተሩ አድራሻ ከፋፈልነው። መጀመሪያ ግምጃ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሽያጩ ወደ አዲሱ ሄደ፣ ሂሳብ ክፍል መጨረሻ ላይ። ችግር ሲመጣ አንድ መስመር መልሶ ኢንጂንኤክስን ሪሎድ ማድረግ ነው፣ ማንም ሳያውቅ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ሁለቴ መልሰናል፣ አንድም ሰው አልደወለም።

የሂሳብ ክፍሏን እትዬን ሁለቱንም ከፍተው እንዲያነጻጽሩልን ለመንናቸው። ትንሽ ቆይተው ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄኛው ጋ ስገባ ያኛው ያስወጣኛል እኮ።» ትክክል ነበሩ። ብራውዘር ኩኪን (ማን እንደገባ የሚታወቅበትን ትንሽ መረጃ) በፖርት አይለይም። 8080ም ሆነ 8081 ላይ የሴሽኑ ኩኪ ስም አንድ ነው፣ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። በአዲሱ ኮንቴክስት ፋይል ላይ «ሴሽን ኩኪ ኔም» ብለን ሌላ ስም ሰጠነው፣ አለቀ። እትዬም ደመወዙን ከሁለቱም አትመው፣ ማስመሪያ አድርገው፣ የጡረታውን የሠራተኛውን 7 እና የድርጅቱን 11 በመቶ በየሰዉ አስተያዩ። ሁለት ሰው ላይ የሳንቲም ልዩነት አገኙ፤ የእኛ የማጠጋጋት ስህተት ነበር። ቅዳሜ ማታ አጥፍተን ብናሻግር ኖሮ ይህ የሚታወቀው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ወጪው? ቶምካት ነጻ ነው። የከፈልነው ሜሞሪ ነው፣ ሁለቱም በየፊናቸው 4 ጊጋ ይዘዋል፣ ማሽኑ 16 ስላለው ቻለው። 8 ጊጋ ብቻ ላለው ማሽን ይህንን አልመክርም።

ሂሳብ ክፍልም ከተሻገረ በኋላ የአሮጌው ሎግ ለ19 ቀን ምንም አልጻፈም። ላጠፋው እጄ ላይ ነበር። በደመወዝ ቀን ግን አንድ መስመር ብቅ አለች፣ የጡረታ ሪፖርት። ወርጄ ስጠይቅ እትዬ ዴስክቶፑ ላይ ያለች ምልክት አሳዩኝ፣ «እኔ ከድሮም የምከፍተው በዚህች ነው» አሉኝ። አድራሻዋ በቀጥታ 8080 ነው፣ በኢንጂንኤክስ አያልፍም። ቀየርኩላቸውና አንድ ተጨማሪ ደመወዝ ጠበቅን። በማግስቱ ሎጉን አየሁት፣ ባዶ ነው። ያኔ አቆምኩት።