የአባዬን ተማሪዎች ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ለመለሰልን ልጅ

አባዬ ትናንት ማታ እስከ አምስት ሰዓት አልተኛም። የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ ሲጽፍ አገኘሁት። "በዚህ ሰዓት ለማን ነው?" አልኩት። "ለተማሪዬ። ዋሽንግተን ናት። እነሱ ጋ ገና ከሰዓት ነው" አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሳ።

ይህን ምሽት የመለሰልን አንድ ወጣት ነው። መገናኛ ካሉት ህንጻዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከልቤ ላመሰግነው፣ እናንተም እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ደሴ ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ አስተምሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ቀኑን የሚይዝለት ሁለት ነገር ነው። ጠዋት ቤተክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግሩፖቹ። ቴሌግራም ላይ የድሮ ተማሪዎቹ ግሩፕ አለ። ጉግል ግሩፕስ ላይ ጡረታ የወጡ መምህራን የሚወያዩበት አለ። ዋትሳፕ ላይ ቴል አቪቭና ሪያድ ካሉት ዘመዶቻችን ጋር ያወራል። የሰፈራችን ዕድርም አሁን ማስታወቂያውን በቴሌግራም ነው የሚለቀው።

ከውጭ ለሚያየው ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ስላየሁት አውቃለሁ። አንዱ የጦሳን ተራራ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው ቦርከና ወዴት እንደሚፈስ ይጠይቃል። አባዬ ወዲያው ከአዋሽ ጋር አያይዞ፣ የውሃ ተፋሰስ ምን ማለት እንደሆነ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሰው ያስረዳል። ከተማሪዎቹ መካከል አያት የሆኑ አሉ። አሁንም "መምህር" እያሉ ነው የሚጽፉለት።

ባለፈው ወር የድሮው ዴስክቶፕ ጭጭ አለ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ተባለ። ላፕቶፕ ገዛንለት። እኔ የመሰለኝ ከፍቶ መጠቀም ብቻ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም።

መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ ስሙን አልጠራም። ዋትሳፑን ገመዱ በተቆላለፈ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ለሙከራ ብለው ከፈቱት። ቀጥለው ቴሌግራሙን ላፕቶፑ ላይ ሊያስገቡ ሲሉ ፓስወርድ ጠየቀ። አባዬ ያንን ፓስወርድ ካስገባ ዓመታት ሆኖታል፤ ረስቶታል። ሠራተኛው ሁለቴ ሞከረና "ፋዘር፣ ይሄ አይሆንም። አካውንቱን እናጥፋውና አዲስ እንክፈትልዎ። 2,500 ብር" አለ። የሚጠፋው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

አባዬ ምንም አልመለሰለትም። ላፕቶፑን ራሱ ቦርሳ ውስጥ ከተተና ወጣ። ደረጃው ላይ "አንዴ አጥቻለሁ። ሁለተኛ አልፈልግም" አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። የመምህራኑ ውይይት በፊት ያሁ ግሩፕስ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ ያሁ ነበረው። ያሁ በፈረንጆቹ 2019 የግሩፖቹን ይዘት እንደሚያጠፋ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ይዘቱ ከድረ ገጹ መነሳት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 15 ደግሞ አገልግሎቱ ራሱ ተዘጋ። አባዬ ማስታወቂያውን አላየውም። የሞቱ ጓደኞቹ የጻፉት ሁሉ እዚያ ነበር። አንድም ቀን ፕሪንት አላደረገውም። ጓደኞቹ ወደ ጉግል ተሻግረው እንደገና ጀመሩ። የቀደመው ግን ቀረ። ስለዚህ "አዲስ እንክፈት" የሚለው ቃል ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን ቀብር ነው።

19 ቀን ያህል ዝም አለ። ስልኩ ላይ መልእክቱ ይገባል፤ ድምፁን እሰማለሁ። ዓይኑ ግን የስልክ ፊደል አይችልም፤ ጣቱም እዚያ ላይ መጻፍ እምቢ ይለዋል። ተማሪዎቹ ታሞ ይሆን ብለው እኔ ጋ መደወል ጀመሩ።

ጎረቤታችን ናት መገናኛ ያለውን ልጅ የጠቆመችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው። ልጁ ከመቀመጫው ተነሳና ወንበሩን ለአባዬ ለቀቀ። ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት የጠየቀው ጥያቄ ነው መጀመሪያ ልቤን የነካው። "ጋሼ፣ የትኞቹ ግሩፖች ናቸው ያሉዎት? የትኛውን ነው ቶሎ የሚፈልጉት?" አለው። አባዬ ቆጠረለት። ልጁ ወረቀት ላይ ጻፈ። አባዬ የተማሪዎቹን ነገር ሲያወራ አላቋረጠውም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ እንዴት እንዳደረገው በደንብ ልንገራችሁ።

ቴሌግራምን ላፕቶፑ ላይ ጫነ። ስክሪኑ ላይ ኪውአር ኮድ መጣ። አባዬ በራሱ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቶ፣ ካሜራውን ስክሪኑ ላይ እንዲያነጣጥር አደረገው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ስልኩን አልቀማውም። ክርኑን ከስር በመዳፉ ደገፈለት። ኮዱ ተነበበ። ያ ፓስወርድ እንደገና መጣ።

እዚህ ነው ልዩነቱ። ልጁ "ረስቻለሁ" የሚለውን ተጫነና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሁፍ ረጋ ብሎ አነበበ። ኮዱ የተላከበት ኢሜይል በከፊል ተሸፍኖ ይታያል። "ጋሼ፣ ይሄ ኢሜይል የርስዎ ነው?" አለ። የአባዬ ጂሜይል ነበር! ስልኩ ላይ ክፍት ነው። ኮዱ እዚያው መጥቶ ቁጭ ብሏል። ያኛው ሱቅ አካውንቱን ሊያጠፋው የነበረው ይህን አንድ መስመር ባለማንበብ ነው።

አዲስ ፓስወርድ ማስገባት ሲመጣ ልጁ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀርባውን ሰጥቶ "ሲጨርሱ ይንገሩኝ" አለ። አባዬ በእጁ በያዘው ደብተር ላይ መጀመሪያ ጻፈው፣ ቀጥሎ አስገባው። ስክሪኑ ለአፍታ ነጭ ሆነ። ከዚያ ግሩፖቹ አንድ በአንድ እየወረዱ መጡ። የተማሪዎቹ ግሩፕ ከነሙሉ ታሪኩ፣ ከነፎቶው ተመለሰ። ልጁ እንዳስረዳን ቴሌግራም መልእክቱን የሚያስቀምጠው ራሱ ዘንድ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሞትም እዚያው ይቆያል። ዋትሳፕ ግን መነሻው ስልኩ ነው። የቅርቡን መልእክት ወደ ላፕቶፑ ያመጣዋል፤ ስልኩን ለ14 ቀን ካልተጠቀሙበት ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለው ራሱ ይዘጋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ዋትሳፑን ሲከፍት የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር አሳየን። ከስልኩ ሌላ አንድ የማናውቀው ኮምፒውተር አለ። ልጁ "ይሄ ማነው?" ሲል ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ለሙከራ የከፈቱት ነው! እስካሁን ሳይዘጉት የአባዬን የቤተሰብ ወሬ ሁሉ እዚያ ማንበብ ይቻል ነበር። ልጁ ክፉ ቃል አልተናገረም። ስልኩን ለአባዬ ሰጥቶ "ይሄን ይንኩ፣ ሎግ አውት ይበሉት" አለ። አባዬ ጠበቅ አድርጎ ነካው። እባካችሁ፣ እናንተም ዛሬውኑ ዝርዝሩን ክፈቱና እዩ።

ጉግሉ ከሁሉ የከበደው ነበር። ኢሜይሉን ከዓመታት በፊት የከፈተለት አንድ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ነው። ፓስወርዱን አባዬ አያውቀውም። መልሶ ለማግኛ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ደግሞ የሠራተኛው ነው። ይህ በእኛ አገር እንዴት እንደተለመደ ታውቃላችሁ። ስንት እናትና አባት በሰው ቁጥር የተከፈተ ኢሜይል ይዞ ይዞራል። ልጁ ላፕቶፑ ላይ ፓስወርድ ረሳሁ የሚለውን ሲነካ፣ ስልኩ ላይ "አንተ ነህ ወይ?" የሚል ጥያቄ ብቅ አለ። አባዬ "አዎ" አለ። በዚያ በኩል ገባን። የሰውየውን ቁጥር አውጥቶ የአባዬን አስገባ። ለሚቀጥሉት 7 ቀናት ጉግል ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥርም ሊልክ እንደሚችል አስቀድሞ ነገረን፤ እንዳንደነግጥ።

ከዚያ የመምህራኑ ግሩፕ ተከፈተ። አባዬ የመጨረሻውን ጽሁፍ አየና "ኧረ! ሁለት ሳምንት ሙሉ እየጠበቁኝ ነው" አለ። ስለ ዓባይ ተፋሰስ ካርታ አንድ ጥያቄ ጠይቀውት ነበር።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የቴሌግራሙን ፊደል ወደ 150 ፐርሰንት አሳደገለት። ግሩፖቹን በፎልደር ለያቸው፤ ተማሪዎች፣ ዕድር፣ ቤተሰብ። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዘጋው፤ ፓኬጃችን በሦስት ቀን የሚያልቀው በዚያ ምክንያት ነበር። ለአማርኛ ኪይማን የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ኪቦርድ ጫነ።

አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ተናገረ። "ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አይስጡ። ጓደኛዎ ነኝ ቢልዎ፣ ለውድድር ድምፅ ይስጡኝ ብሎ ሊንክ ቢልክልዎ፣ አይንኩት። እኔ ደውዬ ብጠይቅዎ እንኳን አይስጡኝ።" አባዬ ይህን ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፈው፤ ከስሩም አሰመረበት። አሁን ለዕድሩ ሰዎች እየዞረ እሱ ነው የሚያስተምረው።

የሞከረው የመጀመሪያ ጽሁፍ "ተማሪዎቼ፣ መጣሁ" የሚል ነው። ላከው። ሱቁ ውስጥ ሦስታችንም ዝም ብለን ስክሪኑን እያየን ነው። ደቂቃ አልሞላም። "መምህር!" አለ አንዱ። "መምህር ደህና ነዎት?" አለች ሌላዋ። ከዚያ መቁጠር አቃተን። አባዬ መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ የእሱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያስከፈለን 800 ብር ነው። ጨምሬ ልሰጠው ስል እጁን ሰበሰበ። "ጋሼ መርቀውኛል፤ ይበቃኛል" አለ። ማክሰኞ ደግሞ ራሱ ደወለ። "መምህር ያለ ችግር እየገቡ ነው ወይ?" ብሎ። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ፤ ወልደህ ሳም" አለው።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ፈጣን አይደለም። ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። ለአንድ ሰው እየሠራ እያለ ሌላውን አይቀበልም፤ ደጅ ላይ ወረፋ ይኖራል። ሊፍቱም አይሠራም፤ ከአባዬ ጋር ፎቅ በፎቅ እያረፍን ነው የወጣነው። ይህን ብነግረው "ለሚቀጥለው ይደውሉልኝ፣ እኔ ወርጄ መኪና ውስጥ እሠራለሁ" አለ። ወላጆቻችሁን ልትወስዱ የምታስቡ ይህን ንገሩት።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ጠይቆኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ወረፋ አይኖርም። ስትሄዱ ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ሲም ካርዱ ውስጡ እንዳለ ያዙ። ኢሜይሉ ስልኩ ላይ ተከፍቶ ካለ በምንም ምክንያት አትዝጉት። አንድ ደብተርና እስክሪብቶም አትርሱ፤ ፓስወርዱን በራሳችሁ እጅ ካልጻፋችሁ ሥራውን አይጀምርም።