ፊት ለመሣል የመጀመሪያው ግዢ፦ ባለ 12 ሣጥን ወይስ አምስት ቱቦ?

የሰውን ፊት በዘይት ቀለም፣ መልኩን ሳያዛንፍ መሣል ለመማር የቆረጠ ሰው በአብዛኛው ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ 12 ትናንሽ ቱቦዎች የያዘ የተማሪ ሣጥን፣ ወይም በተናጠል የሚሸጡ የባለሙያ ደረጃ ቀለሞች። በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በኮዬ ፈጬ የሚኖርና አንድ ቱቦ ባለቀበት ቁጥር እስከ መሀል ከተማ ለመመላለስ የሚገደድ ጀማሪ፣ በሣጥኑ ብዛት ከመማረኩ በፊት የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደሚያልቅ ማሰብ ይገባዋል።

ቀድሞ የሚያልቀው ነጩ ነው። በብዙ ሣጥኖች እያንዳንዱ ቱቦ 12 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ ከጠቅላላው 144 ሚሊ ሊትር የነጩ ድርሻ 12 ብቻ ይሆናል፤ ፊት የሚሥል ሰው ግን በየቅልቅሉ ነጭ ስለሚጨምር፣ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ሳይነኩ ነጩ ይሟጠጣል። በተናጠል የሚሸጠው ቱቦ ብዙውን ጊዜ 37 ወይም 40 ሚሊ ሊትር ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይዘቱ ነው። የተማሪ ቀለም ዋጋው እንዲረክስ ፒግመንቱ (መልኩን የሚሰጠው ዱቄት) ተቀንሶ መሙያ ስለሚገባበት፣ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ቶሎ ይደበዝዛል፤ የጥላው ቡናማም ጥልቀት ያጣል፤ ተማሪውም ጉድለቱ የእጁ ይመስለዋል። አንዳንድ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው «የሥጋ ቀለም» የተባለ ሮዝማ ቱቦም ለእኛ ፊት አይሆንም። የጠይሙም ሆነ የቀይ ዳማው መልክ የሚወጣው ከአፈር ቀለሞች፣ ማለትም ከየሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ከበርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና ከበርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ሲሆን፣ አልትራማሪን ሰማያዊ ጥላውን ያጠልቀዋል፤ ከነጭ ጋር በጥቂቱ ሲቀላቀል ደግሞ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያርፈውን ቀዝቃዛ የመስኮት ብርሃን ይሰጣል። እነዚህ የአፈር ቀለሞች በባለሙያ ደረጃም ቢሆን ዋጋቸው ዝቅተኛ ከሆነው መደብ ናቸው፤ ውድ የሚሆነው እንደ ካድሚየም ቀይ ያለው ነው፤ እርሱም ለጅምር አያስፈልግም። ስለዚህ እነዚህን አራቱንና ቲታኒየም ነጭን ይምረጡ፤ ገንዘብ ካጠረም ነጩን ብቻ ከተማሪው ደረጃ በትልቅ ቱቦ ይውሰዱ። ለልጅ መሞከሪያ ከሆነ ሣጥኑ ይበቃል።

መኖሪያውም መሣያውም አንድ ክፍል ለሆነ ሰው በውሃ የሚቀጥነውን የዘይት ቀለም ከሁለቱም አስቀድምለታለሁ፤ መደበኛው የዘይት ቀለም የሚቀጥንበትን ተርፐንታይን ስለማይፈልግ ቤተሰብ በሚተኛበት ክፍል የሚከብድ ሽታ አይተውም። ውሃ ሲበዛበት ግን እርጥብ ሳለ ነጣ ብሎ ሲደርቅ ስለሚጠቁር የቆዳን ቀለም ለማመዛዘን ያስቸግራል። መደበኛውን የሚመርጥ ሰው መስኮት ከፍቶ ይሥራ፤ ቀለሙ በተለወሰበት የተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲከመር በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችልም፣ ከቤት ውጭ ዘርግቶ ያድርቀው።