ፊት ሚ ወይስ ማክ? ለወዛምና ለደረቅ ቆዳ ፋውንዴሽን ሲመረጥ

«ማክ ልግዛ ወይስ ፊት ሚ ይበቃኛል?» የሠርግ ወራት በመጣ ቁጥር ስለ ፋውንዴሽን፣ የፊትን ቀለም አንድ ወጥ ስለሚያደርገው ቅብ፣ ይህ ጥያቄ ይመላለሳል። መልሱ ከፊት ይቅደም፦ ፊትሽ ወዛም ወይም ድብልቅ ከሆነና የምትገዢው አዲስ አበባ ውስጥ በራስሽ ገንዘብ ከሆነ፣ የሜይቤሊን ፊት ሚ ማት (የማያብለጨልጨው) ይሻልሻል። ማክ ስቱዲዮ ፊክስ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እውነተኛው በጣም ጥሩ ፋውንዴሽን ነው። ችግሩ እዚህ ገበያ በማክ ስም ከሚሸጠው ብዙው ማክ አለመሆኑ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 30 ሚሊ ሊትሩ ስቱዲዮ ፊክስ ፍሉይድ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ላይ 40 ዶላር አካባቢ ያወጣል። በዛሬ ምንዛሬ ይህ ብቻውን ከ5,000 ብር ይበልጣል። በሻንጣ ይዛው የመጣች ነጋዴ ደግሞ የአውሮፕላኑንም የድካሟንም ትጨምርበታለች። እንግዲህ 1,500 ብር የሚሸጠው «ኦሪጅናል ማክ» ከየት መጣ? በሲሶ ዋጋ ከስሮ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ የሚሸጠው ሌላ ዕቃ ነው። ፊት ሚ ግን እዚያው አሜሪካ 10 ዶላር ገደማ ስለሆነ፣ እዚህ 2,000 ብር ቢጠየቅበት እንኳ ሒሳቡ ያስኬዳል።

አሁን በአንድ ቅብ እናስበው። ለአንድ ፊት ግማሽ ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ 60 ጊዜ ያህል ይወጣል። 5,500 ብር የተገዛ ማክ በቅብ 92 ብር ገደማ፣ 2,000 ብር የተገዛ ፊት ሚ 33 ብር፣ 1,500 ብር የተገዛው ፌክ ደግሞ 25 ብር ይሆናል። ፌኩ ከእውነተኛው ፊት ሚ የሚያተርፍልሽ 8 ብር ብቻ ነው፤ በ8 ብር ፊት ለአደጋ አይሰጥም። በወር አንዴ ለበዓል ወይም ለሠርግ ብቻ የምትቀቢ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ በሁለት ዓመት 24 ጊዜ ነው፣ ከጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ሳይነካ ይበላሻል ማለት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለማወቅ ክዳኑ የተከፈተች ትንሽ ዕቃ ሥዕል ከጀርባው ፈልጊ። በውስጧ ያለው 12 ወይም 24 ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው።

ወዛም ነሽ ደረቅ? ይህንን በግምት አትወስኚ። ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፣ ቫዝሊንም ሎሽንም ሳትቀቢ አንድ ሰዓት ቆዪ፣ ከዚያ ሶፍት በግንባር፣ በአፍንጫና በጉንጭ ላይ ጫን ጫን አድርጊ። ሶፍቱ በሁሉም ቦታ ከወዛ ወዛም ነሽ። ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከወዛ ድብልቅ ነሽ፤ የትም ሳይወዛ ጉንጭሽ ከተወጠረብሽ ደረቅ። ስትፈተኚ ወቅቱንም አስቢ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፤ በክረምት ወዛም የነበረ ፊት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ዱባይ ወይም ጅዳ ያለች እህትሽ «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብላ የላከችውም በዚሁ ምክንያት ነው እዚህ ጉንጭሽ ላይ የሚሰነጣጠቀው። እሷ ያለችው የባሕር ዳርቻ ወበቅ ውስጥ ነው።

ለወዛሙ ፊት ሚ «ማት ፕላስ ፖርለስ» ይሆናል። ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ወዙን ይመጥጣል። አልኮል ስላለበት ግን ደረቅ ጉንጭ ላይ ቅርፊት ያወጣል። ለደረቅ ፊት የዚያው ድርጅት «ዲዊ ፕላስ ስሙዝ» (ፊትን ወዝ ያለው የሚያስመስለው) አለ። የሁለቱ ጠርሙሶች ስለሚመሳሰሉ ሻጮች ያደባልቋቸዋል፤ «ፊት ሚ ስጠኝ» ብለሽ ዝም አትበዪ፣ ጽሑፉን አንብቢ። ማክ ስቱዲዮ ፊክስ ከፊት ሚ ይልቅ ወፈር ይላል፣ ማድያትና የብጉር ጠባሳ በአንድ ንብርብር ይሸፍናል፣ ለረጅም ሰዓትም ይቆያል። ይህ እውነተኛ ብልጫው ነው። ማድያቱ ለበዛባትና ከውጭ በታመነ ሰው እጅ ማስመጣት ለምትችል፣ ገንዘቡ ካለ ማክ ልትገዛ ይገባታል። ለደረቅ ፊት ግን ማቱንም ማክንም አልመርጥም፣ ዲዊው ይቅደም። ፌንቲ የተባለው ፋውንዴሽንም በፈረንጆቹ 2017 በ40 ሼድ (የቀለም ደረጃ) ሲወጣ ለጥቁር ቆዳ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ዋጋው ግን ከማክ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ የፌኩም ጣጣ ያው ነው።

ሼድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቋንቋ ነው። እኛ «ቀይ ነኝ» ስንል ፈካ ያለ ቆዳ ማለታችን ነው፤ ፋውንዴሽን ላይ ቀላ ያለ አንደርቶን (ከቆዳ ስር የሚታየው ቀለም) ሌላ ነገር ነው። ጠይም ሆና ከስር ወርቃማ የሆነች አለች፣ ጠይም ሆና ከስር ቀላ ያለችም አለች። ማክ ላይ «ኤንሲ» (NC) የሚለው ወደ ቢጫና ወርቃማ ለሚያደላ ቆዳ ነው፣ «ኤንደብሊው» (NW) ወደ ሮዝና ቀይ ለሚያደላ። ሲ እና ደብሊው የቆሙት «ቀዝቃዛ» እና «ሞቃት» ለሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆነ፣ ትርጉማቸውን አይቶ የሚገዛ ሰው ተገላቢጦሹን ይዞ ይወጣል። ወርቃማ ፊት ላይ የተሳሳተው ሲቀባ አመድ ይመስላል ወይም ብርቱካን ይሆናል።

እጅ ላይ አትሞክሪ፤ የእጅና የፊት ቀለም አንድ አይደለም። ተቀራራቢ ሦስት ሼዶች ምረጪና ከጉንጭ ወደ አንገት በሚወርደው አገጭ ጠርዝ ላይ በመስመር ቀቢ። ከዚያ ከሱቁ ውጪና የቀን ብርሃን ውስጥ ግቢ። የሱቅ መብራት ሁሉንም ያስማማል። ግን ወዲያው አትፍረጂ፣ 20 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃውና ቶሎ የሚተነው ሲሊኮን ሲተን ቀለሙ ይጠነክራል፤ ከፊትሽ ወዝ ጋርም ሲቀላቀል ይጨልማል። ወዛም ከሆንሽ ግማሽ ሼድ ፈካ ያለውን ውሰጂ። ለብዙዎቻችን ግንባርና የፊት ዳር ከጉንጭ መሐል ይጠቁራሉና መለኪያሽ አንገትና ደረት ይሁን። ቴስተር (መሞከሪያውን) የማያስነካ ሱቅ ላይ ግን ዋጋው ቢረክስም አልገዛም፤ ከተከፈተ በኋላ መልሶ የሚቀበል የለምና።

ለሠርግ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ቀብተሽ፣ ፓውደሩንም ጨርሰሽ፣ ማታ መብራት አጥፍተሽ በስልክ ፍላሽ ፎቶ ተነሺ። የፀሐይ መከላከያ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ፋውንዴሽኖችና ነጭ ሲሊካ ፓውደሮች ፍላሽ ሲያርፍባቸው ፊት ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋሉ። በመስታወት አይታይም፣ አልበሙ ሲመጣ ነው የሚታየው። ስቱዲዮ ፊክስ ላይ የፀሐይ መከላከያ (SPF) 15 ተጽፎበታል፤ ዲዊው ላይም 18። ይህ ቁጥር ግን የፀሐይ ክሬም አይተካም፤ ቁጥሩ የሚለካው እኛ ከምንቀባው ብዙ እጥፍ ተቀብቶ ነው።

ፌኩን ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመው ኮዱ ነው። ካርቶን ካለው፣ ካርቶኑ ላይ የታተመውና ጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ኮድ አንድ መሆን አለበት፤ ከሌለ ወይም ከተለያየ መልሺው። ከዚያ የሼዱን ቁጥር በድርጅቱ ገጽ ላይ ፈልጊ፣ የሌለ ቁጥር የሚለጥፉ አሉ። ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ጠርሙሶች በብርሃን ጎን ለጎን ያዢ፣ ቀለማቸው አንድ ከሆነ የተለየው ስቲከሩ ብቻ ነው። የቀለም ማቅጠኛ ወይም የከባድ ሽቶ ሽታ፣ ከላይ የተንሳፈፈ ዘይት፣ የተዛባ ፊደል፣ እነዚህም ይረዳሉ። ፊት ሚም ፌክ አለውና ይህን ሁሉ እሱም ላይ አድርጊ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2018 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊስ በያዘው 700,000 ዶላር የተገመተ የፌክ ሜካፕ ውስጥ ባክቴሪያና የእንስሳት ዓይነ ምድር ተገኝቶበታል። ካቃጠለሽ ወይም ጥቃቅን ሽፍታ ካወጣ ወዲያው ታጠቢና ጠርሙሱን ይዘሽ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከፋርማሲ ስቴሮይድ ቅባት ገዝቶ መለቅለቅ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉሩንም ያብሳል።

የገዛሽው እውነተኛ ሆኖ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስሩ ነው። ቫዝሊን ላይ ምንም ፋውንዴሽን አይቆምም፤ ቀለል ያለ ሎሽን ቀብተሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። ፀጉርሽን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብተሽ ከሆነ ወደ ግንባር እንዳይወርድ በሻሽ እሰሪው፣ የግንባር ፋውንዴሽን ቀድሞ የሚሄደው በዚህ ነው። እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ከወጣ ፕራይመርሽና (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው) ፋውንዴሽንሽ አልተስማሙም። ጀርባቸውን አንብቢ፤ የአንዱ ዝርዝር በውሃ፣ የሌላው በ«ኮን» (cone) ወይም በ«ክሴን» (xane) በሚያልቁ የሲሊኮን ስሞች ከጀመረ ላይገጥሙ ይችላሉ። ሲቀባ የአተር ፍሬ ያክል ብቻ አውጪ፣ በውሃ ርሶ በተጨመቀ ስፖንጅ እየነካካሽ አዳርሺው፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ ማድያት ያለበት ላይ ብቻ ድገሚ። ከሰዓት በኋላ አፍንጫ ላይ ሲወዛ ፓውደር አትደራርቢበት፣ በሶፍት ጫን አድርገሽ ወዙን አንሺ።

ሼዱ ከጠቆረብሽ የዚያኑ ዓይነት ፈካ ያለ ግዢና በእጅሽ ጀርባ ላይ ሦስት ጠብታ ከአንድ እያልሽ አዋህጂ፤ ጠርሙሱ ውስጥ አትጨምሪ፣ ከተሳሳትሽ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሲወፍር ውሃ ማንጠባጠብ ደግሞ ማቆያውን ያሳሳና ሻጋታ ይጋብዛል። የወፈረ ፋውንዴሽን ጊዜው አልፏል።

ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለሚለበስበት ቀን ማቱ ከዲዊው ይሻላል፣ አንገትጌ ላይ ያነሰ ያሳርፋል። እስከ አንገት ስር አትውረጂ፣ አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዪና ጠርዙን ፓውደር አድርጊበት። ጥበቡን ከነካው ውሃ አታስቀድሚ፤ በደረቁ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጊ፣ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ሳታሺ በለብታ ውሃ ከጀርባው በኩል አስለቅቂው።