ፈረንጅ አራዳ ያለች ኳስ ማሳያ ቡና ቤት

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በምትገኘው በዚች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2024 በፈረንሳዊው እግር ኳስ ተጫዋች ላሳና ዲያራ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ እንደ ጨዋታ ሲተነተን አመሸሁ። ተጫዋቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሩሲያው ክለብ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ከተለያየ በኋላ፣ ውል ያፈረሰ ተጫዋች የሚጠየቀውን ካሳ አዲሱ ክለብ አብሮ እንዲከፍል የሚያስገድደው የፊፋ ደንብ ሥራ አሳጣኝ ብሎ ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ደንቡ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ። አጠገቤ የነበሩ የጅማ አባ ጅፋር ደጋፊ «ውል አፍርሶ መሄድ ከተቻለማ ትንሽ ክለብ ምን ይዋጠው?» ሲሉ፣ አስተናጋጇ ጀበናውን እንደያዘች «ደመወዝ ሲቋረጥስ ተጫዋቹን ምን ይዋጠው፣ ጋሼ?» አለቻቸው። ቡናው በረካው እንኳ አልቀጠነም። አግዳሚው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለ90 ደቂቃ አይመችም፤ ቀድሞ ሄዶ ግድግዳ የተደገፈውን መያዝ ይሻላል።